አስታማሚዋንስ ማን ያሳርፋት?

አረቄ ያቆመ ሰው ያለበት ቤት ምክር አያጣም። በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ቀበሌዎች የንስሐ አባቱ፣ ጎረቤቱ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ፣ ለበዓል ከአዲስ አበባ የመጣው ዘመድ ሁሉም የሚለው አለው። የሚመከረው ግን ስለ እሱ ብቻ ነው፤ ምን ይብላ፣ የት ይዋል፣ ከማን ይራቅ። ሌሊቱን ስለምትጠብቀው እናት፣ ሚስት ወይም እህት ጥያቄ የተነሳ እንደሆነ ግን ሰዉ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ወገን «እሱ ይዳን እንጂ የእሷ ድካም ይደርሳል፤ ጊዜው የመደገፍ ነው» ይላል። ሌላው ወገን «እሷም ሰው ናት፤ እሷ ከወደቀች ቤቱ አብሮ ይወድቃል፤ አሁኑኑ ራሷን ታድን» ይላል። ሁለቱንም ከሚያምኑበት ሰዎች አፍ ሰምቻለሁ፤ ሁለቱም በክፋት የተናገሩት አልመሰለኝም። ስለዚህ ፍርዱን ትንሽ እናቆየው።

የመጀመሪያው ወገን አቋም ከዘመድ ወግ ብቻ የመነጨ አይደለም። ሕክምናም ከፊሉን ይደግፈዋል። ለዓመታት በየቀኑ አብዝቶ የጠጣ ሰው በድንገት ሲያቆም፣ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት የሚጥል መንቀጥቀጥ ሊመጣበት ይችላል። ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን ባለው ጊዜ ደግሞ መቃዠት፣ የሌለ ነገር ማየት፣ ትኩሳትና የልብ ምት መፍጠን ሊከተል ይችላል፤ ሳይታከም ከቀረ ይገድላል። ይህን ለይቶ ወደ ጤና ጣቢያ የሚያደርሰው አጠገቡ ያለ ሰው ነው። ከዚያም በኋላ ቢሆን አደጋው ቶሎ አያልፍም፤ የመጀመሪያዎቹ ወራት ማገርሸት የሚበዛባቸው ናቸው። የጥር ሠርግ፣ የፋሲካ ድግስ፣ የማኅበር ጠላ፣ የተዝካር ድንኳን እየተከታተሉ ይመጣሉ። ከተማ ላይ ይህን ጥበቃ የሚጋራ ተቋም ቢያንስ በጥቂቱ አለ፤ አዲስ አበባ ላይ እንደ አማኑኤል ያለ የአእምሮ ሆስፒታል፣ ጎንደርና ባሕር ዳር ላይ ትልልቅ ሆስፒታሎች አሉ። ከወገዳ ወይም ከአርብ ገበያ ገጠር ለሚነሳ ሰው ግን እነዚህ ሩቅ ናቸው። የሰሜኑ ጦርነት በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ነፋስ መውጫ ከደረሰ ወዲህ፣ በኋላም ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል በቀጠለው ግጭት መንገድ ሲዘጋ፣ ርቀቱ በኪሎ ሜትር ብቻ የሚለካ አልሆነም። እንዲህ ባለ ቦታ «ቤተሰብ ይጠብቅ» ማለት ጭካኔ ሳይሆን ያለውን መቁጠር ነው ቢባል ስሕተት አይመስለኝም።

የዚህ አቋም ዋጋ የሚታየው ቤቱን ጠጋ ብለው ሲያዩት ነው። እናት መደቧን ትታ በሩ ሥር ታነጥፋለች፤ ቆርቆሮው ሲንጓጓ እንድትነቃ። የእህል መሸጫውን ብር መቀነቷ ጫፍ ላይ ቋጥራ አብራው ትተኛለች። ልጁ ገበያ ሄዶ ከዘገየ ምጣዱን አውርዳ ደጅ ትቆማለች፤ ሲመለስ ሰላምታ ያቀረበች መስላ ጠጋ ብላ ትንፋሹን ታሸታለች። እሱም ያውቅባታል፤ ፊቱን ያዞራል። ወራት ሲያልፉ እንቅልፏ ይቆራረጣል፣ ራሷን ያማታል፣ ልቧ በየምክንያቱ ይደነግጣል፣ ሰንበቴዋን ትተዋለች። ታናሽ እህቱ ደግሞ እናቷን ለማገዝ ከትምህርት ቤት መቅረት ትጀምራለች፤ ይህን ደግሞ ማንም እንደ ጉዳት አይቆጥረውም። «የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች» የሚለው ተረት የሚነገረው ለወሬኛ ነው እንጂ ለእንዲህ ያለች እናት አይደለም፤ ነገር ግን ድስቷ በእርግጥ እያረረ ነው።

ሁለተኛው ወገን የሚነሳው ከዚህ ነው። ሐሳቡ በዓለም ላይ ረጅም ታሪክ አለው። በአሜሪካ የአልኮል ሱሰኞች የመረዳጃ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1935 ከተመሠረተ በኋላ፣ የጠጪዎቹ ሚስቶች እርስ በርስ መገናኘት ጀመሩ። በ1951 ደግሞ አል-አኖን የተባለውን የቤተሰብ ማኅበር አቋቋሙ። መልእክታቸው በአጭሩ ይህ ነበር፦ የእሱን መጠጣት አንቺ አላመጣሽውም፣ ልትቆጣጠሪውም አትችዪም፤ የራስሽን ሕይወት ግን መምራት ትችያለሽ። በደለኝነት ለሚያሠቃያት ሚስት ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። በእኛም አገር «ምን አድርጋው ነው የጠጣው?» የሚለው ጥያቄ ከማን ቤት ጠፍቶ ያውቃል? ጥፋቱ የእሷ እንዳልሆነ በግልጽ የሚነግራት ድምፅ ማግኘቷ ብቻውን ሸክም ያቀላል።

ድክመቱ ይህ ምክር የተነገረበት ቤት ከጋይንቱ ቤት መለየቱ ነው። «ትንሽ ራቅ በይ» የሚባለው ሌላ ክፍል፣ የራስ ደመወዝ፣ የሚከራይ ቤት ላላት ሴት ነው። ጉና ተራራ ሥር ባለ አንድ ክፍል ጎጆ ውስጥ ባል፣ ሚስት፣ ልጆችና በክረምት ጥጃው ሳይቀሩ አብረው ያድራሉ፤ መራቅ ማለት ደጅ መውጣት ነው። መሬቱ የጋራ ነው፣ በሬው የጋራ ነው፣ አዝመራው አይጠብቅም። በሴፍቲኔት የታቀፈ ቤተሰብ ከሆነ የሥራ ቀኑም ይቆጠራል። ደግሞ ብዙዎች «ከራስ በላይ ነፋስ» የሚለውን አባባል የሚጠሉት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ሰው ለሰው ካልሆነ በቀር ክፉ ቀን የማይታለፍበትን ኑሮ ስላሳለፉ ነው። ራስን መንከባከብ ለእነሱ የድሎት ቃል ሆኖ ቢሰማቸው ልንፈርድባቸው አይገባም።

ሆኖም ባህሉ ለሴት ዕረፍት ምንም ቦታ አልተወም ማለትም አይቻልም። አራስ ታርፋለች፤ የበኩር ልጇን ለመውለድ እናቷ ቤት የምትሄድ ሴት ገንፎና ቅቤ ይቀርብላታል፣ ውኃ አትቀዳም። የተከፋች ሚስት ደግሞ አኩርፋ ወላጆቿ ቤት ትገባለች፤ ሽማግሌ ተልኮ፣ ጥፋተኛው ክሶ እስክትታረቅ ድረስ ሳምንታት ልትቆይ ትችላለች። ይህ ሁለተኛው ሥርዓት በሱስ ለተፈተነ ቤት ትልቅ ጠቀሜታ አለው፤ ከአደጋ ያወጣል፣ ባልንም በሽማግሌ ፊት ያቆማል። ችግሩ በሩ የሚከፈተው በጠብ ብቻ መሆኑ ነው። ባሏ አረቄ ትቶ፣ ላዩን ሰላም ሆኖ፣ እሷ ግን በድካም የዛለች ሴት ምን ብላ ትሂድ? ካልተጣላች ለምን መጣሽ ትባላለች፤ ለማረፍ ስትል ጠብ ብታነሳ ደግሞ እሱ የተከፋበትን ምክንያት ይዞ ወደ አረቄ ቤት ይመለሳል። ሽማግሌዎች ሳይጣሉ የሚኬድበትን መንገድ ቢከፍቱ፣ «ሁለት ሳምንት እናቷ ዘንድ ትረፍ፣ እህቱ መጥታ ቤቱን ትያዝ» ብለው አስቀድመው ቢወስኑ፣ ከወጉ የሚጣስ ነገር ያለ አይመስለኝም።

ጥናቶች ምን ይላሉ ብሎ መጠየቅም ተገቢ ነው፤ የተሠሩት ከእኛ ርቀው መሆኑን ሳንረሳ። እ.ኤ.አ. በ1999 በአሜሪካ የታተመ አንድ ጥናት፣ ሕክምና እምቢ ያሉ ጠጪዎች ያሏቸውን 130 የቤተሰብ አባላት በሦስት ከፍሎ አነጻጽሮ ነበር። የመጀመሪያዎቹ እንደ አል-አኖን መንገድ ራሳቸውን ከጠጪው ጣጣ እንዲያላቅቁ ታገዙ። ሁለተኛዎቹ ዘመድ አዝማድ ሰብስበው ጠጪውን ፊት ለፊት እንዲጋፈጡት ተዘጋጁ። ሦስተኛዎቹ ደግሞ በሰከነበት ሰዓት እንዲቀርቡት፣ በጠጣበት ሰዓት እንዲርቁት፣ የራሳቸውንም ሕይወት እንዲያስተካክሉ ሠለጠኑ። ወደ ሕክምና በማምጣት ሦስተኛው በለጠ፦ 64 በመቶ፤ ፊት ለፊት መጋፈጡ 30፣ መላቀቁ 13 በመቶ። የመጀመሪያው ወገን ይህን ቁጥር ይዞ «ያልነው ይኸው ነው፤ አለመራቅ ይሻላል» ሊል ይችላል። ግን ጥናቱ ሌላም ነገር አግኝቷል። የቤተሰቦቹ የራሳቸው ጤንነትና ኑሮ በሦስቱም መንገድ ተመሳሳይ በሆነ መጠን ተሻሽሏል። ጠጪው መጣም ቀረም፣ የሚያዳምጣቸውና የሚያግዛቸው ሰው ማግኘታቸው ራሱ ጠቅሟቸዋል ማለት ነው። እዚህ ላይ ሁለተኛው ወገንም የሚይዘው አለው።

እንግሊዛዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ጂም ኦርፎርድና ባልደረቦቹ ደግሞ በእንግሊዝ፣ በሜክሲኮ ሲቲና በአውስትራሊያ ነባር ሕዝቦች ዘንድ የጠጪ ቤተሰቦችን ለዓመታት አነጋግረዋል። ቤተሰቦቹ በሦስት መንገድ ይቋቋማሉ፤ ይታገላሉ፣ ችለው ይኖራሉ፣ ወይም ራቅ ብለው የራሳቸውን ኑሮ ያቆማሉ። የትኛውም መንገድ ለሁሉም ትክክል አልሆነም። ግን ችሎ፣ ዝም ብሎ መኖር ከበለጠ ሕመም ጋር ተያይዞ መገኘቱን ጽፈዋል። እነዚህን ሰዎች የማከብርላቸው ቤተሰቡን እንደ በሽተኛ አለመቁጠራቸው ነው፤ ከባድ ሸክም የተሸከመ ጤነኛ ሰው አድርገው ነው የሚያዩት። የእኛን እናቶች ሳስብ ይህ አነጋገር ከሌሎቹ ይልቅ ይቀርበኛል።

በእነዚህ ወረዳዎች ከሁሉ የሚከብደው ጥያቄ ግን በመጽሐፍ ያለ አይመስለኝም፤ እሱም ራሱ የአረቄው ገቢ ነው። ብዙ ሴቶች ጠላ በመጥመቅና አረቄ በማውጣት ልጆች ያስተምራሉ፣ ማዳበሪያ ይከፍላሉ። ድፍድፉ ይጣዳል፣ እንፋሎቱ በሸምበቆ አልፎ ሲቀዘቅዝ ጠብ ጠብ ይላል፤ ሽታው ቤቱን ሞልቶ ልብስ ላይ ያድራል። ያ ቤት ከወር በፊት መጠጥ ያቆመ ባል የሚተኛበት ነው እንበል። አረቄውን አቁሚ የሚላት ሰው እውነት አለው፤ ሽታው ብቻ አምሮት ይቀሰቅሳል፣ ደንበኞቹም የትናንት የመጠጥ ጓደኞቹ ናቸው። አታቁሚ የሚላትም እውነት አለው፤ ገቢው ሲቆም ልጅ ከትምህርት ይቀራል፣ እሷም የብር ባለቤትነቷን ታጣለች፤ የእሱ ሱስ ሁለት ጊዜ ቀጣት ማለት ነው። እኔ ለሁሉም ቤት የሚበቃ መልስ አላገኘሁም። ጋኑን ወደ እህት ወይም ወደ ጎረቤት ቤት አዛውሮ እዚያ እየሠሩ ትርፍ መካፈል የቻሉ ካሉ፣ ያ ከሁለቱም ጫፍ የተሻለ ይመስላል። ድፍድፉን ትተው ወደ ድንች፣ ወደ ዶሮ፣ ወደ እንጀራ መሸጥ የሚሻገሩም ይኖራሉ፤ ግን መነሻ ብር የሚሰጥ ሳይኖር «ሥራ ቀይሪ» ማለት ምክር ብቻ ሆኖ ይቀራል። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አውርዷል፣ ዕድሜው 21 ላልሞላውም እንዳይሸጥ ከልክሏል። ጥሩ ሕግ ነው። ማስታወቂያ የማያስፈልገው የጓሮ አረቄ ላይ ግን እጁ ያጥራል።

የብሩም ነገር እንዲሁ ሁለት ገጽ አለው። ለሰሊጥ ሥራ መተማ ወርዶ የተመለሰ፣ ከሱስ በማገገም ላይ ያለ ወጣት ደመወዙን እናቱ ትያዝለት ወይስ ራሱ ይያዝ? ብትይዝለት ፈተናው ይቀንሳል፤ እሱ ግን እንደ ሕፃን መቆጠሩ ያስቆጣዋል፣ እሷም በየቀኑ ከልጇ ጋር የብር ጠብ ውስጥ ትገባለች። ራሱ ቢይዝ ክብሩ ይጠበቃል፤ አንድ ምሽት ግን ሁሉንም ሊወስደው ይችላል። ከፊሉን ራሱ ይዞ ከፊሉን አጎት ወይም ቁጠባ ማኅበር ዘንድ ማስቀመጥ፣ ቢያንስ እናትን ከገንዘብ ያዥነት ያወጣታል። ለሚስቶች አንድ ተጨማሪ ነጥብ አለ። በአማራ ክልል የባልና ሚስት የመሬት ይዞታ ደብተር የሁለቱንም ስምና ፎቶግራፍ ይይዛል። ደብተሩ ያለበትን ቦታ ማወቅ፣ መሬቱ ያለ እሷ ፈቃድ እንዳይከራይ ለቀበሌው የመሬት አስተዳደር አስቀድሞ መናገር ባልን መክዳት ተደርጎ መታየት የለበትም፤ ቤቱን መጠበቅ ነው።

ገመና መሸፈንስ? ወገኖቹ እዚህም ይለያያሉ። ምስጢር መጠበቁ ለሚያገግመው ሰው ዕድል ይሰጣል፤ ሱሰኛ የሚለው ስም አንዴ ከተለጠፈ፣ ልጁ ቢድንም ሚስት ሲፈለግለት ይነሳበታል። ነገር ግን ምስጢሩን ብቻዋን የያዘች ሴት ከሁሉም ይልቅ ትጎዳለች። መሃል መንገዱ፣ በእኔ ግምት፣ ለአንድ ሰው መንገር ነው፤ ለአደባባይ አይደለም። ያ ሰው ለብዙዎች የንስሐ አባት ነው፤ ለሙስሊም ቤተሰብ የታመነ የመስጊድ ሽማግሌ ሊሆን ይችላል። የንስሐ አባት ምስጢር ይጠብቃል፣ ቤቱን ያውቃል፣ ባልንም መገሠጽ ይችላል። አንዳንዱ ግን «ቻዪው፣ መስቀልሽ ነው» ብሎ ሊያሰናብታት ይችላል፤ ያን ጊዜ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ትሻላለች። እሷ ደግሞ የመንደር ልጅ ስለሆነች ወሬ ይፈራል። የትኛው እንደሚሻል የምታውቀው ሴትዮዋ ራሷ ናት።

ጠበልና ሕክምናን በተመለከተ ክርክሩ እንደሚወራው የከረረ መሆን የለበትም። እንደ ጨጨሆ መድኃኔ ዓለም ወዳሉ ጠበሎች ታማሚውን ይዞ የሚወርድ ቤተሰብ ከእምነቱ ሌላ አንድ የማይታሰብ ነገር ያገኛል፤ እንደ እሱ ያሉ ሌሎች አስታማሚዎችን። እነዚያ ቀሚሳቸው ጠበል የነካው፣ ውሎ አድሮ የሚተዋወቁት እናቶች የሚያወሩት ወሬ አል-አኖን ስብሰባ ከሚለው ብዙም የራቀ አይመስለኝም። በሌላ በኩል አስታማሚዋም አብራ ትጾማለች፣ ደረቅ መሬት ላይ ታድራለች፤ ታማሚው አረቄውን ያቆመው በዚያው ሰሞን ከሆነ ደግሞ ከላይ ያልነው አደጋ ሐኪም በሌለበት ሊመጣ ይችላል። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. የኤች አይ ቪ መድኃኒትና ጠበል አብረው ቢወሰዱ ነውር እንደሌለበት፣ ሁለቱም የእግዚአብሔር ስጦታ መሆናቸውን በይፋ ተናግረው ነበር። ያ አነጋገር ለዚህም የሚሠራ ይመስለኛል፤ መጀመሪያ በነፋስ መውጫ ወይም በመካነ ኢየሱስ ሆስፒታል ይታይ፣ የመጀመሪያው ሳምንት በሰላም ይለፍ፣ ከዚያ ጠበሉ ይቀጥል።

አንድ ነገር ግን ከዚህ ሁሉ ሚዛን ውጭ ነው። ዱላ ባለበት ቤት፣ ወይም በልጆች ሕይወት ላይ ዛቻ ካለ፣ የምናመዛዝነው ነገር የለም። ያን ሌሊት መውጣት፣ ሰው መጥራት ነው። «እያገገመ ነው፣ አትረብሹት» የሚለው ምክር እዚህ ላይ ያበቃል።

ከዚህ ውጭ ላሉት ቤቶች ያዘነበልኩበት መንገድ መሃለኛው ነው፤ ከሁለቱም ወገን ቅሬታ እንደሚኖር አውቃለሁ። አስታማሚዋ አትራቅ፤ ግን ብቻዋን አትቁም። ጥበቃው በተራ ይሁን፦ አንድ ሌሊት ወንድም፣ አንድ ሌሊት አጎት፣ አንድ ሌሊት የክርስትና አባት። በተለይ ወንዶቹ፤ እስካሁን በተራው ውስጥ እምብዛም አይታዩምና። ቢያገረሽበት ማን እንደሚመጣ፣ እሷ ከልጆቹ ጋር የት እንደምትሄድ በሰከነበት ቀን እሱም ባለበት ይወሰን፤ ማገርሸት ብዙዎችን የሚያጋጥም እንጂ የቤተሰብ ውርደት አለመሆኑም ይነገር። ማኅበርተኞች እሱ በሚገኝበት ቀን ከጠላው ጎን ቀሪቦ ቢያቀርቡ ማኅበሩ አይፈርስም። የጤና ባለሙያም እሱን ሊያይ ሲመጣ የእሷን እንቅልፍና የደም ግፊት አብሮ ይጠይቅ። የዓለም ጤና ድርጅት ሐኪም ላልሆኑ የጤና ባለሙያዎች ጭምር ያዘጋጀው የአእምሮ ጤና መመሪያ አስታማሚውም ድጋፍ እንዲያገኝ ያዛል፤ አዲስ ነገር አይደለም።

እዚህ ድረስ ያነበባችሁ፣ እንዲህ ያለ ቤት በዘመድነት ወይም በጎረቤትነት የምታውቁ፣ በሁለቱ አቋሞች ላይ የቱንም ያህል ብንለያይ አንድ ነገር ልለምናችሁ። በዚህ ሳምንት ሄዳችሁ አንድ ሌሊት ተረከቧት፤ እሷ ሌላ ቤት ሄዳ በሩን ሳትሰማ ትተኛ።